በአንድ ጀሪካን የሚታጠብ ሞተር

ባለፈው ወር ስለ ካላማዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ገብቶ ነፋስ ስለሚይዘው ላስቲክ፣ ጽፌ ነበር። ስለዚህ የሚመጡት ደብዳቤዎች የጎማ ጉዳይ ይሆናሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሆኑም። አብዛኞቹ ስለ እጥበት ይጠይቃሉ። ገባኝ። ክረምቱ ወጣ፣ ጭቃው ደረቀ፣ ሰው ሁሉ ሞተሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ሲያየው ደነገጠ። የዚህን ወር አምድ እንግዲህ ለባልዲና ለጨርቅ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ረዘም ትላለች። አላሳጠርኳትም፤ ጸሐፊው የሠራውን ስህተት እኔም በጊዜዬ ሠርቼዋለሁና።

*

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን የማነበው ከእናቴ ተቀብዬ ነው፤ መጽሔቱን የምትገዛው እሷ ናት። ከስንት ውጣ ውረድ በኋላ ያማሃ ቴኔሬ 700 ገዛሁ። ሰማያዊ ነው። በመጀመሪያው ወር ተኩል 1,100 ኪሎ ሜትር ነዳሁት። መስከረም አጋማሽ ላይ በወሊሶ አድርጌ ወንጪ ደረስኩ። ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፤ አቋራጭ አገኘሁ ብዬ ጥቁር አፈር ውስጥ ገባሁ። አዲስ አበባ ስደርስ ሰማያዊው ቀለም አይታይም ነበር። እንዲህ ሆኖ አያድርም አልኩና በቀጥታ ላቫጆ ወሰድኩት። ልጆቹ በመኪና ማጠቢያው ግፊት ከላይ እስከ ታች ነፉት። ሞተሩ ገና ትኩስ ነበር። ካቴናው አካባቢ ናፍጣ ረጩ። መጨረሻ ላይ ጎማዎቹን የሚያብረቀርቅ ነገር ቀቡልኝ። እውነቱን ለመናገር አምሮበት ነበር።*

*ከዚያ ቸርችልን ስወርድ ፍሬን ያዝኩ፤ አልያዘም። እንደገና ስጨብጠው እየጮኸ ያዘ። ቴዎድሮስ አደባባይን ስዞር ደግሞ የኋላ ጎማው ሸርተት አለ። አልወደቅኩም። ልቤ ግን እስከ ለገሀር ድረስ ቦታዋ አልተመለሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካቴናው ይንሿሿል፣ ዳሽቦርዱ ውስጥም ጉም የመሰለ ነገር ገብቷል። ምን በደልኩት? ሞተር በትክክል የሚታጠበው እንዴት ነው?*

*እስጢፋኖስ አካባቢ ከሚኖር አንባቢ*

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ፤ በሰላም ንዳው። ቴኔሬ የሰሃራ በረሃ አንዱ ክፍል ነው፤ አብዛኛው ኒጀር ውስጥ ይገኛል። ያማሃ ይህን ስም መጀመሪያ ሞተር ላይ የለጠፈው በፈረንጆቹ 1983 ነው። በበረሃ ስም የተጠራ ሞተር በወንጪ ጭቃ አይሞትም። እኔ በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሞተሮች በጭቃ ከተበላሹት በእጥበት የተበላሹት ይበዛሉ። በተለይ አዳዲሶቹ። አሮጌ ሞተርን ማን ያጥበዋል?

በመጀመሪያ አደገኛውን ነገር እንጨርስ። ጎማውን። ያ የሚያብረቀርቅ ነገር ለመኪና ነው። መኪና የሚሄደው በጎማው መሃል ነው፤ ጎኑ ቢቀባም ባይቀባም መሬት አይነካም። ሞተር ግን ሲዞር ይጋደማል። አደባባዩን ስትዞር መሬት የነካው ልጆቹ የቀቡት ጎን ነው። ላርጎ በውሃ በጥብጠህ በብሩሽ ሁለት ጊዜ እሸው፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቀው፣ ይድረቅ። ከዚያ ሁለት ቀን ያህል ቀስ እያልክ፣ ብዙ ሳትጋደም ንዳው። ጎማው ራሱ በመንገዱ ተፍቆ ይጸዳል። ከእንግዲህ ማንም ሰው ጎማህን ሊቀባ ሲመጣ እጁን ያዝ።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ዝም ብሎ እርጥበት ነው፤ እርጥብ ዲስክ መጀመሪያ ላይ አይዝም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትጨብጠው ይደርቃል። ሌላው ናፍጣ ነው። ካቴናው ላይ የተረጨው ናፍጣ የኋላው ዲስክ ላይ መድረሱ አይቀርም። ዲስኩን በንጹህ ጨርቅና በአልኮል ጥረገው፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ከየቤቱ አይጠፋም። ከዚያ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ቀስ ብለህ እየሄድክ፣ ፍሬኑን ደጋግመህ ያዘው። ካልተሻለው የፍሬን ሸራው ናፍጣውን ጠጥቶታል። የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት አይድንም። አትከራከረው፣ ቀይረው። እስከዚያ ቸርችልን አትውረድ። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሀር ያለውን ቁልቁለት እኔ የማውቀው በፍሬን መሞከሪያነቱ ነው፤ ሞክረው የጸጸታቸው ብዙ ናቸው።

ዳሽቦርዱን አትንካው። ጉሙ ፀሐይ ላይ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሳምንት አልፎት ካልለቀቀ፣ ወይም ጠብታ ማየት ከጀመርክ፣ ያኔ ለባለሙያ አሳየው። በካቻቪቴ ፈልቅቀህ ከከፈትከው ከዚያ በኋላ ጉሙ የራስህ ነው።

አሁን የራሴን ልንገርህ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንድ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነበርኩ። ያማሃ ዲቲ 125 ሰጥተውኝ በሰላሌ በኩል ገጠር ለገጠር እዞር ነበር። አንድ ቀን ኃላፊው ንብረት ሊያይ ይመጣል ተባለ። ሞተሬን መኪና ማጠቢያ ወስጄ በግፊት አስነፋሁት። በተለይ የፊት ጎማውን መሃል፣ ጭቃው እዚያ ስለተከማቸ፣ አፍንጫውን አስጠግቼ ራሴ ያዝኩት። እንደ መስታወት አበራ። ተመሰገንኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙከጡሪን አልፌ ወደ ፍቼ ስሄድ ከፊት በኩል ድንጋይ የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ መጣ። መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቆሜ ጎማውን ስወዘውዘው ይወላገዳል። ስናወጣው ጎማው በዘንጉ ላይ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ የነበረው ግራሶ ማኪያቶ መስሏል። ግራሶ ያንን ቀለም የሚይዘው ውሃ ሲገባው ነው። ብረቱ ዝጓል፣ ኳሶቹ ተበልተዋል። በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ተመለስን፣ እኔና ዲቲው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩሽኔታውን ከውጭ የሚሸፍን የጎማ ከንፈር አለ። የተሠራው ዝናብና አቧራ እንዲከለክል ነው። ዝናብ ከላይ ነው የሚወርደው፤ ከንፈሩን ገልብጦ አይገባም። የላቫጆ ግፊት ግን ከአንድ ስንዝር ላይ ሲመጣ ከንፈሩን ገፍቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ደግሞ ያው ከንፈር እንዳይወጣ ይዘጋበታል። የአንተም ሞተር ላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ብዙ ናቸው፦ የእያንዳንዱ ጎማ መሃል፣ የመሪው አንገት፣ የኋላው ሹካ የታሰረበት ቦታ፣ ከፊት ሾክ ላይ ያለው ዘይት የሚይዝ ጎሚኒ፣ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹ፣ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች። ከዚህ ሁሉ ዘሎ የሚያጥብ የላቫጆ ልጅ ካገኘህ ለኔም አድራሻውን ላክልኝ።

ስለዚህ በባልዲ። እኔ እንዴት እንደማደርገው ልንገርህ፤ አንተ እንደ ግቢህ አመቻቸው።

መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ከመንገድ ገብተህ ቡና ጠጣ። እጅህን ሞተሩ ላይ አስደግፈህ እስከ አስር መቁጠር ከቻልክ ደርሷል። ጋል ያለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ ጥላ ፈልግ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ትቆነጥጣለች፤ ሳሙናውን ቀለሙ ላይ ታደርቀውና እድፍ ይሆናል።

የማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ አፍ በፌስታል ሸፍነው። ፌስታሉን ደግሞ ሳታነሳ እንዳታስነሳው። አንድ የማውቀው ሰው ረስቶ ሲያስነሳ ፌስታሉ ተኩሶ ጎረቤት ግቢ ገባ። የጎረቤቱ ውሻ እስካሁን ድረስ ያንን ሞተር አይወደውም።

ከዚያ ጭቃውን አርስ። ጥቁር አፈርን ታውቀዋለህ፤ ሲረጥብ ሙጫ፣ ሲደርቅ ጡብ ነው። በደረቁ ከፈተግከው ቀለሙን ይዞ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። አሮጌ ጆንያ ወይም ፎጣ ውሃ ነክረህ ጭቃው ላይ ጣል፣ ሩብ ሰዓት ተወው። በተለይ ከፊተኛው ፓራፋንጎ፣ ከጭቃ መከላከያው፣ ሥር ያለውን። እዚያ የሚጠራቀመው ጭቃ ሲጠነክር ጎማውን ይፍቃል። ረጥቦ ሲለሰልስ በእንጨት ቁራጭ ገፋ ገፋ ብታደርገው እንደ ጭኮ ተቆርሶ ይወድቃል። በብረት አትንካው።

ሳሙናውን ቀጠን አድርገው። የመኪና ሻምፖ ካለህ እሰየው። ላርጎም አልፎ አልፎ ቢሆን አይገድልም፤ ግን የቀለሙን ሰም ስለሚያጥብ ሳምንት በሳምንት አይሆንም። ኦሞ ተው፣ ይፍቃል። በረኪና ጨርሶ አይታሰብም፤ አሉሚኒየሙን ያጠቁረዋል። ከላይ ጀምረህ ወደታች። ለላይኛው አንድ ጨርቅ፣ ለታችኛው ሌላ። ራዲያተሩን ከኋላ በኩል በቀስታ ውሃ እያፈሰስክ ጭቃው በመጣበት እንዲወጣ አድርግ። ቆርቆሮዎቹ በጥፍርህ እንኳ ይታጠፋሉ። የፊት ሾኩን የሚያንሸራትቱትን የሚያብረቀርቁ ዘንጎች በለስላሳ ጨርቅ፤ እዚያ የደረቀ ጭቃ ትተህ ከነዳህ ጎሚኒውን ይቆርጠውና ዘይት ማንባት ይጀምራል።

ጎማዎቹ ላይ ስትደርስ ቁጭ በል። በርጩማ ይዘህ። ከሥራው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ያንተ ቸርኬ ባለ ሽቦ ነው። እያንዳንዱን ሽቦ በእርጥብ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጥረግ፤ ሲደርቅ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ነካ እያደረግክ ዙር። እንደ ክራር ነው። የተወጠረው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። የላላው ድፍን ይላል፣ ክር የጠፋባት ክራር እንደመምታት። አዲስ ጎማ ላይ ሽቦዎቹ በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቦታቸውን እየያዙ ስለሚላሉ፣ አንድ ሁለት ድፍን ማግኘትህ አይቀርም። ራስህ አታጥብቀው፤ በአንድ በኩል ሲጠብቅ ቸርኬው ይወላገዳል። በኖራ ምልክት አድርግና ለሚያውቅ ሰው ስጠው። ላቫጆ ብትወስደው ይህን ማን ይነግርሃል?

ቡሎኖቹንም እንዲሁ። ጨርቁ ሲያልፍባቸው ጣትህ ያውቃቸዋል። የሚንቀሳቀስ ካለ፣ ዙሪያው የዛገ አቧራ ያለበት ካለ፣ አጥብቅ። የታርጋህን ቡሎኖች አትርሳ። ኩሽኔታ ብትጥል በገንዘብ ትገዛለህ። ታርጋ ብትጥል ግን ምን ያህል ቢሮ እንደምትዞር አንተው ገምት።

አንድ ነገር ደግሞ። 1,100 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ ብለሃል። የ1,000ውን ሰርቪስ አስደርገሃል ወይ? ደብዳቤህ ላይ የለም። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ብረት ከብረት ሲላመድ የሚወጣው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይቀየር። እጥበቱ እስከዚያ ይቆያል።

*

*ካቴና በቤንዚን ነው ወይስ በነጭ ጋዝ የሚጸዳው? ሞተር የሚሠራልኝ ልጅ ቤንዚን ይሻላል ይላል። እሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ካቴናው ሲዞር ብሩሽ ይይዝበታል። ቶሎ ያልቃል።*

*ከአምስት ኪሎ*

መልስ፦ ቶሎ ያልቃል፣ እውነት ነው። ጣትም ቶሎ ያልቃል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ግማሽ ጋራዥ ውስጥ ትቶ ነው የወጣው። ጨርቁ ካቴናው በሚጠመጠምበት ባለ ጥርስ ብረት፣ በኮሮናው፣ ጥርስ ውስጥ ገባ፣ ጨርቁን ጣቱ ተከተለ። ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ አይሞላም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ በእጅ ብቻ።

ነጭ ጋዝ ይሁን። የዘመኑ ካቴናዎች በየመገጣጠሚያቸው ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሏቸው፤ በውስጣቸው ከፋብሪካ የታሸገ ግራሶ አለ። ቤንዚን ቀለበቶቹን ያደርቃቸዋል። ሲሰነጠቁ ግራሶው ይወጣል፤ ከዚያ ካቴናው በውጭ እያማረ በውስጥ ይበላል። ነጭ ጋዝ ይህን አያደርግም። ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀም፤ የሽቦ ብሩሽ ቀለበቶቹን ይቆርጣል። ሥሩ ካርቶን አንጥፍ። ጎማውንና ዲስኩን በፌስታል ሸፍን። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው።

ቅባቱ ደግሞ ለካቴና ተብሎ የሚሸጠው ካልተገኘ 90 ዘይት፣ የካምቢዮው ማለቴ ነው፣ ይበቃል። በውስጠኛው በኩል፣ ጠብታ ጠብታ። ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በውጭ ከቀባኸው ግን ሱሪህን ነው የምትቀባው። ጊዜው ማታ፣ ከመንገድ ገብተህ ለብ ሲል ነው፤ ሌሊቱን ይገባል። ጠዋት የተረፈውን ጥረግ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት የሚሉህን አትስማ፤ ብናኙ እንደ አሸዋ ነው። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ውስጥ ከገባህ ደግሞ በዚያው ቀን ማታ።

ለእስጢፋኖሱ ወንድማችንም ይህ መልስ ነው። የአንተ ካቴና የሚንሿሿው ናፍጣውና ግፊቱ የላዩን ቅባት ስለወሰዱት ነው። ቴኔሬ 700 ከፋብሪካ ሲወጣ መሃል ማቆሚያ የለውም፤ ስለዚህ ጎማውን በአየር ላይ ማዞር አትችልም። አንድ ክንድ ያህል ቀባ፣ ሞተሩን አንድ እርምጃ ግፋ፣ እንደገና ቀባ። ከ200 ኪሎ በላይ ስለሆነ ግቢው ሜዳ ይሁን።

*

*የመንገድ ሥራ ባለበት አልፌ ፓራፋንጎዬ ላይ ሬንጅ ተረጨ። ሲሚንቶም አለ። በምላጭ ልፋቀው?*

*ከፒያሳ*

መልስ፦ ምላጩን ለጢምህ ተወው። ሬንጁ ላይ የምግብ ዘይት ቀብተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ ይለሰልሳል፣ በጨርቅ ይነሳል። ካልሆነ ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ። ከዚያ በሳሙና እጠበው። ሲሚንቶውን በአቼቶ፣ አንዱን እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥነህ፣ ረጠብ እያደረግክ በትዕግሥት። አሉሚኒየም ላይ ከሆነ አታቆየው፣ ወዲያው አለቅልቅ። ከሁሉም የሚሻለው ሳይደርቅ በዚያው ቀን ውሃ ማፍሰስ ነው። ፒያሳ የሚኖር ሞተረኛ ባለፉት ዓመታት ይህን ሳይማር አልቀረም ብዬ ነበር።

*

*አዲሱ ሞተሬ የማይዝግ የተባለ ማርሚታ አለው። በወር ውስጥ ቱቦው መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ። የሸጠልኝን ሰው ልከሰው ወይ?*

*ከሜክሲኮ*

መልስ፦ አትክሰሰው። የማይዝግ ብረት ሲግል ቀለም ይቀይራል፤ ጤነኛ ነው። ብዙ ሞተረኛ ያንን ሰማያዊ ይወደዋል። ነገር ግን ቱቦው ላይ ፌስታል ቀልጦ ከተጣበቀ ወይም የእጅ ቅባት ካለ ሲግል ተቃጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ካጠብክ በኋላ ሳታስነሳው በፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረገው።

ቀለሙ የማያብረቀርቅ፣ ደብዛዛ ዓይነት ነው ብለህ በደብዳቤህ መጨረሻ ጨምረሃል። እንግዲያውስ ሰም አትቀባው፣ ፖሊሽም አታድርገው። የነካኸው ቦታ ብቻ ማብረቅረቅ ይጀምራል፣ ከዚያ መመለሻ የለውም። የፊት መከላከያ መስታወቱም ፕላስቲክ ነው። በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ቤንዚን ከነካው ይሰነጠቃል፤ የቤት መስታወት ማጽጃውም ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል።

*

*ባለፈው ወር የጎማ ነፋስ ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው የሚለካው ብለው ጻፉ። የሰፈሬ ጎሚስታ ሳቀብኝ። ነፋስ ነፋስ ነው አለኝ።*

*ከተክለ ሃይማኖት*

መልስ፦ ይሳቅ። ጎማ ሲነዳ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ነፋስ ግፊቱ ይጨምራል። በመመሪያው ላይ ያለው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው። ሲሞቅ ለክተህ በዛ ብለህ ካስተነፈስከው ጠዋት ላይ የጎደለ ጎማ ይጠብቅሃል። የራስህን መለኪያ ግዛ። ጎሚስታህን ለካላማዳሪው ያዘው፤ በዚያ እጁ የተባረከ ነው ብለሃል።

*

የመጨረሻዋን ደብዳቤ ያስቀመጥኳት ሆን ብዬ ነው።

*ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። እኔ ሞተር አልነዳም፤ መጽሔቱን የምገዛው ለምግብ አሠራሩና ለእርስዎ ጨዋታ ነው። ልጄ በቅርቡ ትልቅ ሞተር ገዛ። ሰማያዊ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ለሊት ተነስቼ የሞላሁትን ሮቶ እሁድ ጠዋት ለሞተሩ ያፈሰዋል። የልብስ ማጠቢያ ጎማዬን ስቦ እንደ መኪና ያጥበዋል። ባለፈው እሁድ ደግሞ ግቢው ረጥቦ ሞተሩ ሊወድቅ ሲል የሽንኩርት መክተፊያዬን ከእግሩ ሥር አገኘሁት። ምን ልበለው? ሌላው ደግሞ፣ ጠበል አምጥቼ ልረጭለት እፈልጋለሁ። ሽቦ ይነካል፣ ይበላሻል ይለኛል። እውነት ነው?*

*ከእስጢፋኖስ፣ የአንድ ልጅ እናት*

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጅዎን የማውቀው መስሎኛል። ዝርዝር አልናገርም። ይህን አምድ እንደሚያነብ ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ያውም በእርስዎ ገንዘብ።

በውሃው እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው። ለአንድ ሞተር 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። እኔ በዚያ ነው የማጥበው፤ ግማሹ ጭቃ ለማራስ፣ ሩቡ ለሳሙና፣ የቀረው ለማለቅለቅ። መጀመሪያ ላይ አይበቃም ይላል። የሚያልቀው በቧንቧ ጎማ ስለሚያፈስ ነው። በጣሳ ቢሆን ይተርፈዋል። በዚያ ላይ ሞተር በየሳምንቱ መታጠብ የለበትም። አቧራ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ የወፍ ኩስ ካለ ግን በዚያው ቀን ይነሳ፣ ቀለም ይበላል። የልብስ ማጠቢያውን እጣቢ ያስቀምጡለት እንዳልልዎ ኦሞ አለበት። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ብቻ፣ ጥርት ያለውን፣ ለጭቃ ማራሻ ሊሰጡት ይችላሉ። ከሮቶው ግን አያስቀዱት።

መክተፊያውን በተመለከተ፣ ልጁ የሠራው ነገር በሐሳብ ደረጃ ልክ ነው። ሞተሩ በጎን እግሩ ነው የሚቆመው፤ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው የእጅ መዳፍ በማታህል ብረት ላይ ነው። ግቢው አፈር ከሆነ ውሃው ያለሰልሰዋል፤ እግሩ ሲሰምጥ ሞተሩ ይጋደማል። ስለዚህ ሥሩ ጠፍጣፋ ነገር መደረግ አለበት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የጣውላ ቁራጭ። መክተፊያ ግን አይሆንም። አዲስ ይግዛልዎ፣ የበፊቱን ለሞተሩ ያስቀረው። ሽንኩርት የሸተተ ጣውላ ለሞተር ምንም አይለውም።

ጠበሉንም ይርጩለት። ያ ሞተር ከወንጪ እስከዚህ በዝናብ መጥቷል፤ በአንድ ኩባያ ጠበል አይበላሽም። ሽቦ የሚጎዳው ግፊት ነው፤ ጠበል ደግሞ በላቫጆ ግፊት ሲረጭ አላየሁም። ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አያብዙበት፤ እዚያ ላይ ያለው ጉም ገና አልለቀቀለትም።